በዴላይኩላ ላይ ያሰርኳት ጨርቅ

ኖቬምበር 6

ዛሬ የተራራውን መንገድ ጠረግን። ከዚያኛው አውሎ ነፋስ ወዲህ የወጣበት ስለሌለ ሣሩ ወገብ ደርሷል። ወንዶቹ የወደቁትን ግንዶች ቆረጡ፤ እኛ ሴቶቹ አጨድን። በጃንዋሪ ከውጭ አገር የተራራ ወጣጮች ማኅበር መጥቶ የዴላይኩላን ጫፍ ይወጣል ተብሏል። ዕረፍታቸው ያኔ ነው። ስለ ዝናባችን የጠየቀ የለም።

እስከ ሁለተኛው ማረፊያ ወጣሁ። አሳኤሊ ከሞተ ወዲህ ዴላይኩላን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበቴስ አልከበደኝም።

ከማረፊያው በላይ፣ ብቻዋን የቆመችው ዘንባባ ያለችበት፣ ሣር ሳጭድ እግሬ ገባ። መሬቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከመንገዱ በላይ እንደ ቅንድብ ታጥፎ ይሄዳል፤ ሣር ሸፍኖታል። እጄን ከተትኩ፤ ክንዴ ድረስ ዋጠኝ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ሌላ ሰው እንዳይረግጠው ከሽርጤ ጫፍ ቀይ ቁራጭ ቀድጄ ዘንባባዋ ላይ አሰርኩ።

የወንድሜ ሚስት ኬሌራ ከታች አየችኝ።

«ምነው ሎሳና፣ ርስት ያዝሽ እንዴ? ካሳቫ ልትተክይበት ነው?»

«ለባል ምልክት ነው እንጂ» አለች ሌላዋ። «ከዚያኛው መንደር አይቶ እንዲመጣ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስለ ስንጥቁ ልነግራቸው ነበር፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ ሲያልቅ ወሬው ሌላ ሆነ።

ማታ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳይ ጨርቋ ትታያለች። ከእንጨት ከበሮው ቤት ጣሪያ ጫፍ ላይ ያረፈች ቀይ ወፍ ትመስላለች።

ኖቬምበር 9

ለኬሌራ ነገርኳት። ለዋይሳኬ ንገሪው አልኳት፤ እንግዶቹን የሚመራው ወንድሜ ነው። መንገዱ በስንጥቁ ሥር ያልፋል፤ ዝናብ ሲጠግብ መሬቱ እንዳለ ይወርዳል፤ በሸንተረሩ በኩል ይሁን በይው። «አደርሳለሁ» አለች። ሸርጣን እየፈለፈለች ነበር።

ከዋይሳኬ ጋር ልጅነታችን ካለቀ ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። እሱ ሲገባ እወጣለሁ፤ እኔ የያዝኩትን ዕቃ ከእጄ አይቀበልም፤ መሬት ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ ያነሳዋል። የእህትና የወንድም ወግ ነው። የተጣላን ብንሆን መታረቅ ይቻል ነበር። የተከባበሩ ሰዎች በምን ይታረቃሉ?

ኖቬምበር 14

ቶሪካ መንገድ መሪ ልትሆን ነው። ልጄ። እኔን ሳትጠይቅ አጎቷን ጠየቀችው። የእህቱን ልጅ እምቢ የሚል አጎት በዚህ ደሴት የለም። አምና አሳማውን ነድታ ስትወስድ ኬሌራ ከኋላዋ እየጮኸች፣ እሱ ገመዱን ነበር ያቀበላት።

«ሴት መንገድ መሪ ኖሮ አያውቅም» አልኳት።

«አሁን ይኖራላ።»

«ከፊት ነው የምትሄጂው ወይስ ከኋላ?»

«ከፊት። አጎቴ ከኋላ ሆኖ የደከሙትን ይሰበስባል።»

ከፊት። በስንጥቁ ሥር መጀመሪያ የምታልፈው እሷ ናት።

ኖቬምበር 20

ዝናብ። የታሮ ሥራ ሥር ማሳው ውሃ ተኛበት። ከበሬ ሳያት ጨርቋ እንደ በፊቱ ከበሮው ቤት ጣሪያ ጫፍ ላይ ናት።

ኖቬምበር 27

ኬሌራን የጅረቱ ድንጋይ ላይ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል። ‹መሬት ዝናብ ሲመታው ይሰነጠቃል› አልኩት፤ ‹አዎ ይሰነጠቃል› አለ።»

«እኔ እንደዚያ አላልኩሽም።»

«አለዝቤ ነገርኩልሽ ሎሳና። ያንቺ ቃል በሳል አይደለም፣ ጥሬ ታሮ ነው፤ ጉሮሮ ያሳክካል። ሰውየው ስንት ጭንቀት አለበት! እንግዶቹ ካልመጡ የጸሎት ቤቱ ጣሪያ በምን ይከደናል? ያንተ እህት መንገዱ ይዘጋ ትላለች ልበለው?»

«አዎ፣ እንደዚያ በይው።»

ሸሚዙን ድንጋዩ ላይ ደጋግማ መታችው። «እሺ» አለች። የኬሌራን እሺ አውቀዋለሁ። እወዳታለሁ፤ ከእሷ ጋር ስሆን ብቻ ነው የምስቀው። ግን እሺዋን አውቀዋለሁ።

ዲሴምበር 3

ከጓሮ ሆኜ እንጨት ስሰበስብ የሁለት ሴቶች ድምፅ ሰማሁ። ማን እንደሆኑ አልጽፍም።

«ያኔ ባሏ ሲጠፋ ዝም ያለች ሴት አሁን ምላሷ ከየት መጣ?»

«ያኔማ ጨዋነት ነው። ወንድሟን አክብራ ነው።»

«እሱስ ነው።»

ከዚያ ስለ ዓሣ አወሩ። እንጨቱን ትቼ ገባሁ።

ዲሴምበር 5

ጀልባው መጣ። ሳሙናው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ዘርግቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግማሽ ወሬ ነው፤ መጨረሻው ሌላ ሰው ሳሙና ላይ ሄዷል።

ማንበብ ያስተማረኝ የለም። ካገባሁ በኋላ ነው። በቃሌ የማውቃቸውን መዝሙሮች ከመዝሙር መጽሐፉ ፊደላት ጋር እያስተያየሁ ነው የያዝኩት፤ ጣቴን አንዱ ፊደል ላይ፣ ድምፄን አንዱ ቃል ላይ። አሳኤሊ አይቶኝ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን የዓሣ ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳነብለት አፉን ይዞ ቀረ። «ሌላስ ምን ደብቀሽኛል?» አለኝ። ስቆ ነው ያለው።

ዲሴምበር 10

እንቅልፍ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መጻፍ ይሻላል።

አሳኤሊ የጠፋ ቀን ጠዋት ስለ ምንጣፍ መሥሪያ ቅጠል ነበር የተጨቃጨቅነው። ቅጠሌ አልቆ ነበር፤ የእህቱ ልጅ ሠርግ ደርሶ ነበር፤ ባዶ እጄን ልሄድ ነው አልኩት። ሌላም ነገር አልኩት። «ለሌላ ሰው ምንጣፍ ሲሆን ቅጠል አይጠፋህም» አልኩት። ቢላዋውን ይዞ በጅረቱ መንገድ ወጣ።

የጅረቱ መንገድ ዴላይኩላን አቋርጦ ወዲያኛው መንደር ይወርዳል። ወዲያኛው መንደር ማን እንዳለች ሁሉም ያውቃል፤ መጻፍ አያስፈልግም።

ማታ አልተመለሰም። በማግስቱ ጠዋት ዋይሳኬ በሬ ላይ መጣ። ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ እንደ ወጉ። ፊቱ ደጅ ወዳለው የውሃ በርሜል ነበር። «በየትኛው መንገድ እንደሄደ የሚያውቅ አለ?» አለ። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ቶሪካ ትምህርት ቤት ናት። ኬሌራ ከሴቶቹ ጋር ባሕር ወርዳለች።

ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ማማሰሌን ቀጠልኩ።

ለወንድም እንዲህ ያለ ነገር በምን አፍ ይነገራል? በጅረቱ ሄደ ማለት ወደ እሷ ሄደ ማለት ነው። የእህት አፍ ለወንድሟ ጆሮ እንዲህ ያለ ነገር አያወጣም። ይህን ማንም ሰው ይረዳል። ትንሽ ቆሞ ሄደ። ወንዶቹን ሰብስቦ ሸንተረሩን ሲያስሱ ዋሉ።

ኬሌራ ከባሕር ስትመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ያኔ ነገርኳት። መሽቷል ተባለ፤ ጅረቱ ሞልቷል ተባለ። ያገኙት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከፏፏቴው ሥር፣ እግሩ ተሰብሮ። ወዲያው አይደለም የሞተው አሉኝ። ሌሊት ነው አሉኝ። በየትኛው ሌሊት ብዬ አልጠየቅሁም።

ጀርባው ላይ የታሰረ ቅጠል ነበረ፤ የተቀቀለ፣ የደረቀ፣ ለምንጣፍ የተዘጋጀ። ወደዚያ ሊወስደው ነው ወይስ ከዚያ ሊያመጣው? ይህንንም አልጠየቅሁም። እሱ ራሱ እስኪመልስልኝ የምጠብቅ ይመስል ጣሪያው ሥር ሰቅዬዋለሁ፤ እስካሁን አለ።

በቀብሩ ላይ ሰባኪው ስለ እኔ ተናገረ። «ሐዘን ውስጥ ሆና እንኳን ወግ ያልጣሰች እህት» ብሎ አመሰገነኝ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ዋይሳኬ ብቻ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ድስቱ ውስጥ የነበረው ካሳቫ በኮኮናት ወተት ነበር። አላረረም። ጥሩ አድርጌ ነው ያማሰልኩት።

ዲሴምበር 16

ጨርቋ ግማሽዋ ከጣሪያው በታች ናት። ጠዋት አየሁ፤ ቀትር ላይ አየሁ። ቶሪካን ጠራኋት።

«እይ እስቲ። ወርዳለች።»

«እናቴ፣ የከበሮው ቤት እኮ ለገና ሣር ተጨምሮለታል። ጣሪያው ነው ከፍ ያለው።»

እውነቷን ነው፤ ሣር ጨምረውበታል። ወንዶቹ ላዩ ላይ ሲወጡ አይቻለሁ።

«ሱቫ ከተማ ወስጄሽ ዓይንሽን ላስመርምርልሽ» አለች። «እንግዶቹ ይሂዱና።»

ጣሪያው ይሆናል። ዓይኔም ይሆናል።

ዲሴምበር 25

ገና። መዝሙር፣ ምድር ውስጥ የበሰለ አሳማ። ዋይሳኬ በኬሌራ እጅ አንድ ጭን ላከልኝ። በየዓመቱ ይልካል። በየዓመቱ በኬሌራ በኩል አመሰግናለሁ።

ኬሌራን ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኋት። «በበዓል ቀን እንኳን አታርፊም?» አለችኝ፤ አጥንት አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

ጃንዋሪ 2

ጨርቋ ከበሬ ላይ አትታይም። ለማየት እስከ ዳቦ ፍሬው ዛፍ መሄድ አለብኝ። ሣር ይህን ያህል አይጨምርም።

ኬሌራ ካላደረሰች ቶሪካ ታድርሰው አልኩ። ስንጥቁን፣ ክንዴን ከትቼ እንደነበር፣ ጨርቋን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ለአጎትሽ አንድ በአንድ ንገሪው፤ በሸንተረሩ ውሰዳቸው በይው፤ ይረዝማል ግን ድንጋይ ነው። «እሺ እናቴ» አለችና ጉንጬን ሳመችኝ። ለረጅም ጊዜ ስማኝ አታውቅም።

ጃንዋሪ 5

አልነገረችውም። ማታ ሩዝ ስንበላ ከፊቷ አወቅኩ።

«ብነግረው ከፊት አያስቀድመኝም» አለች። «ወይ ይሰርዘዋል፣ ወይ እኔን ያስቀረኛል። አንቺ ፈርተሽ ነው ይላል።»

«ፈርቻለሁ።»

«ተራራውን ነው የምትፈሪው። አባቴን ግን የገደለው ተራራው አይደለም፣ እናቴ።»

«ማነው ታዲያ?»

ሳህኗን አንስታ ወጣች። ሮቶው አጠገብ ስታጥበው ሰማሁ፤ አንድ ሳህን፣ ብዙ ጊዜ።

ጃንዋሪ 8

ጀልባው ገባ። እንግዶቹ መጡ። ትልልቅ ጫማ፣ የብረት ምርኩዝ። ዳቦና ጣፋጭ ያድላሉ፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ነገ ጠዋት በአዳራሹ እንደ ወጉ ካቫ የሚባለውን የመጠጥ ሥር አቅርበው ተራራውን ለመርገጥ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ወዲያው ይወጣሉ። ቶሪካ ገመዷን ትፈትሻለች። ሌሊቱን ዘንቧል። አሁንም።

ኬሌራን ፈለግኋት፤ ለእንግዶቹ ምግብ ትሠራለች፤ «ነገ፣ ነገ» አለችኝ። ነገ ነው።

ጃንዋሪ 9

እንዴት እንደሆነ እጽፋለሁ። ቀስ ብዬ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እንግዶቹ መሃል ቁጭ ብለዋል፤ እግር ማጠፍ አስቸግሯቸዋል። የካቫውን ሥር በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡ፤ የመንደሩ ሹም ተቀበለ፤ ወቀጡት፣ በጠበጡት። ዋይሳኬ ከሳህኑ ጎን ነበር። እኛ ሴቶቹ ከታችኛው በር አጠገብ ነን፤ ቶሪካ ብቻ ጫማዋን አድርጋ ከእንግዶቹ ጋር። ዝናቡ አቁሞ ነበር። በበሩ የተራራው ጫፍ ይታያል፤ ንጹሕ፣ ደመና የሌለበት።

ኬሌራን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «አሁን ንገሪው» አልኳት። «አሁን? በሰው ፊት?» አለች። «በኋላማ ሄዱ» አልኳት። እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። የመጀመሪያው ዋንጫ ለዋይሳኬ ተሰጠ። ያንን ከጠጣ መንገዱ ተፈቀደ ማለት ነው፤ ያጨበጭባሉ፤ ይነሳሉ።

ድምፄ መሆኑን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ሲዞር ነው።

«ዋይሳኬ» አልኩ።

ስሙን ከልጅነቴ ወዲህ በፊቱ አልጠራሁትም። አፌ ውስጥ የሌላ ሰው ስም ነበር የሚመስለው።

«ዋይሳኬ፣ መሬቱ ተሰንጥቋል። በዘንባባዋ በኩል አትውጡ። ሁለት ሰው ላክሁብህ፤ ሁለቱም አላደረሱልህም። ልጄን በዚያ አትውሰዳት።»

ኬሌራ ሽርጤን ጎተተችኝ። «ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ፣ አዋረድሽን» ትላለች። ለካ ቆሜያለሁ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ በእግዚአብሔር» አለ። ከእንግዶቹ አንዱ ጎረቤቱን ምን አለች ብሎ ጠየቀ፤ የነገረው የለም።

ዋይሳኬ አላየኝም። ዋንጫውን ሳይቀምስ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ተነሳ፤ ጀርባውን ወደ እኔ አደረገ፤ ግድግዳውን እያየ፣ «ዛሬ አንወጣም» አለ። ለግድግዳው ነው ያለው። ከዚያ በላይኛው በር ወጣ።

ቶሪካ ጫማዋን ፈታች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። በአጠገቤ ስታልፍ ሽታዋን ሰማሁ፤ የኮኮናት ዘይቷን። አላየችኝም።

ጃንዋሪ 12

እንግዶቹን ባሕር ወስደው ዓሣ አሳዩአቸው። ዛሬ ሄዱ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ አንድ ጠብታ አልዘነበም፤ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን። ከበሮ መቺው በበሬ ሲያልፍ፣ «ሎሳና፣ እባክሽ ለታሮዬም ተናገሪለት፤ ዝናብ ታቆሚያለሽ ይላሉ» አለኝ። አብረውት ያሉት ሳቁ።

ቶሪካ ልብሷን ይዛ አጎቷ ቤት ሄደች።

ጃንዋሪ 17

ኬሌራ አልመጣችም። በመንገድ አይታኝ በኮኮናቶቹ በኩል ዞረች። ጸሎት ቤት ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ የለም፤ አግዳሚው ሰፋኝ።

ዝም ብል ኖሮ ወጥተው ወርደው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ጣሪያው ተከድኖ ነበር። ልጄ ቤቴ ነበረች። ዝም ማለት እችልበት ነበር እኮ። ተመስግኜበታለሁ።

ጃንዋሪ 19

የሰባኪው ሚስት ወደ አጥሩ ተጠግታ፣ «ዕድሜ ነው፣ ይቅር ይልሻል» አለችኝ። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ጃንዋሪ 24

ዝናብ፣ ያለ ማቋረጥ። ጫፉ አይታይም። ጅረቱ ሲጮህ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ጃንዋሪ 26

እንደዚያው። ቶሪካ ምን ትበላለች? የኬሌራ ቤት በምዕራብ በኩል ያፈሳል።

ጃንዋሪ 30

ዝናቡ ቆመ። ደመናው ግን አልተነሳም፤ ተራራው እንዳለ ውስጡ ነው።

ቀትር ላይ ቶሪካ እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ቆመች፤ አልገባችም።

«አጎቴ ብቻውን ወጥቷል። ጎህ ሲቀድ። ማንንም አልጠራም።»

«በየት በኩል?» አልኩ። ለመጠየቅ አፍታም አልፈጀብኝም።

«አላየሁትም።»

ሁለታችንም ወደ ኬሌራ ሄድን። ኬሌራ ኩሽና ውስጥ እሳት ላይ አጎንብሳ ድስት ታማስላለች። እጇን ያዝኩት። ማማሰሉ ቆመ።

«ኬሌራ፣ በየትኛው መንገድ ነው የሄደው?»

አየችኝ። ልትቆጣኝ ነበር፤ ተወችው። «በጠረግነው» አለች። «ቀይ ጨርቅሽን ሊያይ። እኔ ነኝ የነገርኩት። በዝናቡ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ጥሬውን።»

የወንዶቹን ስም እየጠራሁ በመንደሩ ሄድኩ። ሹሙን፣ ከበሮ መቺውን፣ ሁሉንም። በጠረግነው መንገድ ነው የሄደው፣ በጠረግነው ነው እያልኩ። ደግሜ ደጋግሜ። የቀለደብኝ የለም። ገመድ ይዘው ወጡ፤ ቶሪካ ከፊታቸው። ልከለክላት አልቻልኩም፤ መንገዱን ታውቃለች።

ማረፊያው ጋ ሲወርድ አገኙት። ጭቃ ብቻ ነው እንጂ ደህና ነው። ጽሑፌ ዛሬ አያምርም።

ፌብሯሪ 2

ከሰዓት በኋላ መጣ። ቅጠል እየላግሁ ነበር። ጥላው በበሩ ገባና ቆመ። ልነሳና በጓሮ ልወጣ ብድግ አልኩ፤ ግን አልገባም፤ ከደጅ ያለው ድንጋይ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ፊቱ ወደ ሮቶው ነው። በጣቱ አጥንት ሁለት ጊዜ ኳኳው።

«ሮቶ» አለ። «አንድ ነገር ልንገርህ።»

ቁጭ አልኩ።

«ዘንባባዋን አየኋት። ቆማለች። ጨርቋም ላይዋ ላይ አለች። አልወደቀችም፤ ቆማ ነው ቁልቁል የሄደችው። ከነመሬቷ። ስንጥቁ ውስጥ አሁን ሰው ይቆማል፤ እኔ ቆሜበታለሁ። ነገ ይወርድ እንደሆነ፣ ልጆቻችን አርጅተው ይወርድ እንደሆነ አላውቅም። በዚያ ግን ከእንግዲህ ማንም አይሄድም።»

ዶሮዎቹ በመሃላችን አለፉ።

«ሌላም አለ» አለ። «አንተ ያኔ አልነበርክም፤ እዚህ ቦታ በርሜል ነበር። ያኔም እዚሁ ቆሜ ጠይቄያለሁ። ግን አሳኤሊ በጅረቱ ሲሄድ አይቼዋለሁ። መረብ ስጠግን በአጠገቤ ነው ያለፈው። አውቅ ነበር።»

ቢላዋዬን አስቀመጥኩ።

«እሷ ሳትነግረኝ በጅረቱ ሄጄ ብፈልገው፣ ባሏ የት እንደሚሄድ ማወቄን ታውቃለች አልኩ። ከዚያ ወዲያ ቤቴን ቀና ብላ አታይም አልኩ። ስለዚህ እስክትናገር ጠበቅሁ። አልተናገረችም። ሸንተረሩ ላይ እንደሌለ እያወቅሁ ሸንተረሩን ስፈልግ ዋልኩ። እህቴ እንዳታፍር ብዬ። ይህን ለኬሌራም አልነገርኩም። ሮቶ፣ ለማንም አልነገርኩም።»

ከጀርባው ብቻ ነው የማየው። ፀጉሩ ሸብቷል። መቼ እንደሸበተ አላየሁም።

ከዚያ እኔም ለሮቶው ተናገርኩ። ሌላ ብዙ ነገር ነበር፤ የወጣልኝ ግን አንድ ነው።

«ቅጠል ነበር የያዘው» አልኩ።

«እኔ ነኝ ከጀርባው የፈታሁት።»

«ለማን እንደሆነ አላውቅም።»

ራሱን ዝቅ አደረገ። «ለማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ግን ፊቱ ወደ እኛ ነበር። ከወዲያኛው እየመጣ ነው የወደቀው። ወደ ቤት።»

ከዚያ ተነሳ፤ ሮቶውን በመዳፉ መታ አደረገውና ሄደ። እስኪጨልም እዚያው ተቀምጬ ነበር። እሳት አላነደድኩም።

ፌብሯሪ 3

ፊቱ ወደ እኛ ነበር። በየትኛው ሌሊት እንደሆነ ግን ዛሬም አልጠየቅሁም።

ፌብሯሪ 9

ኬሌራ መጣች። ቁጭ ሳትል፣ «ሎሳና፣ ባለቤቴን ከሮቶ ጋር እንዲያወራ አደረግሽው አሉ፤ ቀጥሎ ከአሳማ ጋር ነው?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ቲማቲሜን ያለ ፈቃዴ ለቅማ ሄደች።

የጸሎት ቤቱ ጣሪያ እንደ ጥንቱ በሣር ይከደን ተብሏል። ሣር አለን።

ፌብሯሪ 15

ቶሪካ ልብሷን ይዛ ተመለሰች። በደረቁ ወራት በሸንተረሩ አዲስ መንገድ ይቀየሳል፤ አጎቷ ቀያሿ እሷ ትሁን ብሏል።

«ይረዝማል» አለችኝ። «ሰዎች ያማርራሉ።»

«ያማርሩ።»

የተንጠለጠለውን ቅጠል ከጣሪያው ሥር ሳወርድ ስታይ ገበታዋን ትታ መጣች። ምንነቱን ታውቃለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከራሷ በላይ ተሰቅሎ ነው ያደገችው። ጭሱ አጥቁሮታል። አንድ ዘለላ ስመዝ ተሰበረ። ሌላው ተሰበረ። ሦስተኛው ታጠፈ፤ አልተሰበረም።

«ስንቱ ይተርፋል?» አለች።

«የሚተርፈው።»

ውሃ አመጣችልኝ፤ ነከርነው።

ፌብሯሪ 21

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ከተራራው የተሰማ ድምፅ የለም። ወደ ዳቦ ፍሬው ዛፍ አልሄድኩም።

ጠዋት በሬ ላይ ቁጭ ብዬ እየሠራሁ ነው። ምንጣፉ ትንሽ ነው የሚሆነው፤ አንድ ሰው የሚቀመጥበት። ዋይሳኬ መረቡን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ባሕር ሲወርድ በደጄ አለፈ። ቆመ። ፊቱን ወደ ባሕሩ እንዳደረገ ሮቶውን በጣቱ አጥንት ኳኳ።

«ሞልተሃል?» አለ።

«ሞልቷል» አልኩ።